ሽመላና ስደተኛ
በአይሁድ የስደት ግጥም ውስጥ ስለሚገኙ እንስሳት

ሰው ልቡ ያዘነበትን ነገር በቀጥታ ለመናገር ሲቸግረው በእንስሳ አስመስሎ ይናገራል። ይህ ልማድ ለእኛ አዲስ አይደለም። ከልጅነታችን ጀምሮ በተረት አንበሳ ሲፈርድ፣ ጦጣም ስታታልል ሰምተናል፤ ሄዶ የቀረውን መልእክተኛም ከኖኅ መርከብ ወጥቶ ባልተመለሰው ወፍ ስም «የቁራ መልእክተኛ» እንለዋለን። በተለይ አገሩን ያጣ ሰው የሚገጥመው ግጥም በአእዋፍ የተሞላ ሆኖ ይገኛል። ይህ ስለ ምን ሆነ? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ረጅም የስደት ታሪክ ካላቸው ሕዝቦች መካከል የአንዱን፣ ይኸውም የአይሁድን ግጥም በመመልከት ይህንኑ ጥያቄ መመርመር ነው። ነገሩ ግን ከእኛ የራቀ እንዳይመስላችሁ፤ ከጎንደር መንደሮች ተነሥቶ እስከ ጎረቤታችን እስከ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የሚደርስ ታሪክ አለውና።

ሀ. የዳዊት ወፎች

ዳዊት የደገመ ሰው ሁሉ የስደት ግጥም ምን እንደሚመስል ያውቃል። የባቢሎን ንጉሥ ናቡከደነፆር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ586 ዓመት ገደማ ኢየሩሳሌምን አፍርሶ ሕዝቡን አፈለሰ። ስለ ጽዮን ፍርስራሽ የሚያለቅሰው 101ኛው መዝሙር የተጨነቀውን ሰው በምድረ በዳ ካለች ወፍ፣ በፈረሰ ቤት ከምታድር ጉጉትና በሰገነት ላይ ብቻዋን ከቀረች ድንቢጥ ጋር ያመሳስለዋል። የሰቆቃወ ኤርምያስ ባለቅኔም የጽዮንን መኳንንት ማሰማሪያ ባጡ ዋላዎች ይመስላቸዋል። በ83ኛው መዝሙር ግን ነገሩ ይለወጣል። በዚህኛው ከመቅደሱ የራቀው ሰው ወፎቹን አይመስልም፤ በእነርሱ ይቀናል እንጂ። ወፎቹ በመሠዊያው አጠገብ ጎጆ ሠርተው ጫጩቶቻቸውን ያሳድጋሉ፤ እርሱ ግን በሩቅ ሆኖ ይናፍቃል።

እንግዲህ ከጥንት ጀምሮ ሁለት መንገዶች እንዳሉ እናስተውል። በአንደኛው መንገድ እንስሳው ስደተኛውን ይመስላል። በሁለተኛው መንገድ እንስሳው ስደተኛው ያጣውን ነገር ይዞ ይገኛል። ከዚህ በኋላ የምናያቸው ግጥሞች ሁሉ ከእነዚህ በአንዱ ወይም በሁለቱም ይሄዳሉ።

ለ. ርግብና የመስኮት ወፍ

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1075 ገደማ በእስፓንያ የተወለደው ባለቅኔና ሐኪም ይሁዳ ሃሌዊ ሕዝቡን ከቤቷ ርቃ በበረሃ በምትንከራተት ርግብ መስሎ ገጥሟል። ርግብ የተመረጠችበት ምክንያት ግልጽ ነው። የሚነጥቅ ጥፍር የላትም፤ ጭልፊት ያሳድዳታል፤ ነገር ግን የቤቷን መንገድ አትረሳም። ሃሌዊ ራሱ በስተርጅናው ተነሥቶ ወደ ኢየሩሳሌም ጉዞ ጀመረ፤ በ1140 ግብፅ ደረሰ፤ በሚከተለውም ዓመት ዐረፈ።

ከሃሌዊ በኋላ 750 ዓመት ያህል ቆይቶ በሩስያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት የሚኖር ሐይም ናሕማን ቢያሊክ የሚባል ወጣት ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላው አንድ ግጥም ጻፈ። ግጥሙ በ1892 ታተመ፤ ርእሱም «ወደ ወፏ» የሚል ነው። በዚያ ብርዳም አገር ክረምቱ ሲያልፍ ከሞቃት አገር የተመለሰች ወፍ በመስኮቱ ታርፋለች። ወጣቱም በጽዮን ስላሉት ወንድሞቹ፣ ስለ ተራራውና ስለ ሸለቆው ይጠይቃታል፤ የራሱንም መከራ ይነግራታል። ወፏ ግን በግጥሙ ውስጥ አንድም ቃል አትመልስም። የግጥሙም ኃይል ያለው በዚህ ዝምታ ላይ ይመስለኛል፤ የሚያውቀው ሳይናገር የማያውቀው ብቻውን ይናገራልና።

ሐ. የጎንደር ሽመላ

ቢያሊክን ከቶ ያልሰሙ፣ ዕብራይስጥም የማይናገሩ ልጆች ይህንኑ ጥያቄ በአማርኛ ይጠይቁ እንደ ነበረ ስንሰማ እጅግ እንደነቃለን። በጎንደርና በአካባቢው ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል ኦሪትን በግዕዝ እያነበቡ፣ ፊታቸውን ወደ ኢየሩሳሌም አዙረው ይጸልዩ ነበር። በየዓመቱም በስግድ በዓል ጾመው ወደ ተራራ ይወጡ ነበር። ሌላው ሕዝብ «ፈላሻ» ብሎ ይጠራቸው ነበር፤ ይህም ፈለሰ ከሚለው ከግዕዙ ግሥ ጋር የሚዛመድ፣ መጻተኛነትን የሚያመለክት ስለ ሆነ እነርሱ አይወዱትም። የእነዚህ ሰዎች ልጆች ሽመላ በሰማይ ስታልፍ ሲያዩ ቀና ብለው በዜማ ይጠሯትና የኢየሩሳሌምን ደኅንነት ይጠይቋት ነበር።

የሽመላን ጉዞ የመረመሩ ሊቃውንት የነገሩንን ከዚህ ጋር ብናስተያይ ልጆቹ የጠየቁት ትክክለኛውን ምስክር እንደ ነበረ እንረዳለን። ነጭ ሽመላ በአውሮፓ ትፈለፈላለች፤ ብርዱ ሲመጣ ወደ አፍሪካ ትወርዳለች። ሰፊ ክንፏን ዘርግታ የምትንሳፈፈው ከምድር በሚነሣ ሞቃት አየር ስለ ሆነ ሰፊ ባሕር ማቋረጥ ይቸግራታል። ስለዚህ ከምሥራቅ አውሮፓ የምትነሣው ሽመላ የሜዲትራንያንን ባሕር በምሥራቅ በኩል ዞራ፣ በእስራኤል አገርና በሲና በረሃ ላይ አልፋ፣ የዓባይን ሸለቆ ተከትላ በሱዳን በኩል ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ትመጣለች። በዚህ መንገድ በየዓመቱ በመቶ ሺዎች የሚቈጠሩ ሽመላዎች ይመላለሳሉ። ነቢዩ ኤርምያስ ሽመላ ጊዜዋን ታውቃለች ሲል የመሰከረላት ያለ ምክንያት አይደለም። በመሆኑም የቢያሊክ ወፍና የጎንደር ልጆች ሽመላ የአንድ መንገድ ተጓዦች ናቸው። አንደኛው በሰሜኑ ጫፍ ሆኖ፣ ሌሎቹም በደቡቡ ጫፍ ሆነው ስለ መካከለኛው ሥፍራ ይጠይቃሉ።

መ. ጅቡ

እስካሁን ያየናቸው እንስሳት ስደተኛው ራሱ የመረጣቸው ናቸው። ሌሎች ሰዎች የሚመርጡለትስ? የቤተ እስራኤል ባለሙያዎች ብረት ቀጥቃጮች፣ ሸክላ ሠሪዎችና ሸማኔዎች ነበሩ። ማረሻውን፣ ማጭዱንና እንስራውን ከእነርሱ ገዝቶ የሚጠቀመው ጎረቤት ግን ብዙውን ጊዜ ቡዳ ናቸው፣ ሌሊትም ጅብ ሆነው ይሄዳሉ ብሎ ያምን ነበር። በዚህም ምክንያት ብዙ ንጹሓን ተፈርተዋል፤ ተጠልተዋል፤ ተጎድተዋልም።

እንግዲህ በአንድ መንደር ውስጥ ልጁ ወደ ሰማይ አንጋጦ ራሱን ከሽመላ ጋር ሲያወዳጅ ጎረቤቱ ደግሞ ያንኑ ልጅ የጅብ ልጅ ይለዋል። ሁለቱም ምሳሌዎች ናቸው፤ ሁለቱም ከሰው አፍ የወጡ ናቸው። ነገር ግን አንደኛው ሰውን ከፍ ያደርጋል፣ ሁለተኛው ከሰውነት ተራ ያወጣዋል። በጀርመን አገር በ1940 ናዚዎች አይሁድን ከአይጥ መንጋ ጋር የሚያመሳስል ፊልም ሠርተው ለሕዝብ አሳይተዋል፤ በሩዋንዳም በ1994 ቱትሲዎች በረሮ እየተባሉ ተጨፍጭፈዋል። ክፉ ምሳሌ ወደ ክፉ ሥራ መንገድ ይጠርጋል ማለት ነው።

ሠ. በር የተከፈተላት ድመት

ናዚዎች በጀርመን ሥልጣን ከያዙ በኋላ ብዙ አይሁድ መሸሻ ፈለጉ። በሐምሌ ወር 1938 በፈረንሳይ አገር በኤቪያን ከተማ 32 መንግሥታት ስለ እነርሱ ጉዳይ ተሰብስበው መከሩ፤ ከጥቂቶች በቀር በሩን ለመክፈት የፈቀደ ግን አልተገኘም። በሚከተለው ዓመት እንግሊዛዊው ባለቅኔ ኦደን ስለ እነዚህ ስደተኞች አንድ ግጥም ጻፈ። ኦደን አይሁዳዊ አልነበረም፤ ግጥሙ ግን በአንድ ጀርመናዊ አይሁዳዊ አንደበት የተነገረ ነው። ሰውየው የፓስፖርቱ ዘመን አልፎበታል፤ ቆንሲሉም ወረቀት የሌለው ሰው እንደ ሞተ ይቈጠራል ይለዋል። በዚህ ጊዜ ዙሪያውን ይመለከታል። ውሻ ብርድ እንዳይነካው ልብስ ለብሷል፤ ለድመት በር ተከፍቶላታል፤ በወደቡ ውስጥ ዓሣው በነጻነት ይዋኛል፤ በዛፉም ላይ ወፎች ያለ ፖለቲከኛ ይዘምራሉ።

ከዳዊት ጋር ብናስተያየው ትልቅ ለውጥ እናያለን። የጥንቱ ስደተኛ በወፍ የሚቀናው ስለ ክንፏ ወይም ስለ ጎጆዋ ነው። ይህ ስደተኛ ግን የሚቀናው ቤት ውስጥ በምትኖር ድመት ነው። ክንፍ የተፈጥሮ ስጦታ ስለ ሆነ ሰው ባይኖረው ማንንም አይወቅስም። በርን የሚከፍተውና የሚዘጋው ግን ሰው ነው። ስለዚህ የኦደን ድመት ከምሳሌነት አልፋ በሰው ልጅ ላይ የምትመሰክር ሆናለች።

ረ. ንስር በቦሌ

የጎንደር ልጆች ጥያቄ መልስ ያገኘው በሁለት መንገድ ነው። መጀመሪያ በእግር ነበር። በ1970ዎቹ ዓመታት ብዙ ሺህ ቤተ እስራኤል ሌሊት ሌሊት እየተጓዙ ወደ ሱዳን ተሻገሩ። ሽመላ በጥቂት ቀን የምታልፈውን መንገድ እነርሱ ሕፃን አዝለው፣ ሽማግሌ ደግፈው ሄዱበት። በመንገድና በስደተኞች ሰፈር 4,000 ያህል ሰዎች በበሽታ፣ በረሃብና በሽፍቶች እጅ አልቀዋል። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. «ዘመቻ ሙሴ» በተባለው ጉዞ 8,000 የሚሆኑት ከሱዳን በአውሮፕላን ተወሰዱ።

ሁለተኛው መልስ የተሰጠው በእኛው ሰፈር ነው። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ሊወድቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤል በ36 ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ ከቦሌ ተነሥተው ሄዱ። ከአውሮፕላኖቹ መቀመጫዎች ተነቅለው ነበር፤ አንዱ ጃምቦ ጄት ብቻውን ከ1,000 በላይ ሰዎች ጫነ። በበረራው ላይ የተወለዱ ሕፃናትም ነበሩ።

እግዚአብሔር እስራኤልን ከግብፅ በንስር ክንፍ ተሸክሞ እንዳወጣቸው በኦሪት ዘጸአት በምሳሌ ተነግሯል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1949 እና በ1950 ወደ 50,000 የሚጠጉ የየመን አይሁድ በአውሮፕላን ሲጓዙ ዘመቻው «በንስር ክንፍ» ተብሎ ተሰይሟል። እንግዲህ ንስር ሦስተኛውን መንገድ ያሳየናል። ርግብ ስደተኛውን ትመስላለች፤ ሽመላ እርሱ ያጣውን መንገድ ይዛለች፤ ንስር ግን ራሱን ስደተኛውን ይሸከማል። ሆኖም ሁሉም አልተሳፈሩም። ተከፍለው የቀሩ ቤተ ሰቦች ነበሩ፤ ለእነርሱም የቦሌ ሰማይ የናፍቆት ሰማይ ሆነ።

መደምደሚያ

የስደት ግጥም በአእዋፍ የተሞላበት ምክንያት ይህ ነው። ወፍ ድንበርን የማታውቅ፣ ይለፍ የማትጠየቅ፣ ነገር ግን ቤቷን የማትረሳ ፍጥረት ናት። ስደተኛው ደግሞ ቤቱን አልረሳም፤ ድንበሩ ግን ይከለክለዋል። በዛሬው ቀን በአገራችን በመቶ ሺዎች የሚቈጠሩ የጎረቤት አገር ስደተኞች ተጠልለው ይገኛሉ፤ የእኛም ወንድሞችና እኅቶች በየበረሃውና በየባሕሩ ይሰደዳሉ። እነርሱን በምን እንስሳ እንደምንመስላቸው ልንጠነቀቅ ይገባናል፤ ከአንደበታችን የሚወጣው ምሳሌ በር ሊከፍት ወይም ሊዘጋ ይችላልና።

ሽመላም ጉዞዋን አላቋረጠችም። በየዓመቱ በእስራኤል ሰማይ ላይ አልፋ ወደ አፍሪካ ትመጣለች፤ ጊዜውም ሲደርስ በዚያው ትመለሳለች። ዛሬ በዚያ አገር የሚኖር የጎንደር ሽማግሌ ቀና ብሎ ቢያያት የልጅነቱን ጥያቄ ገልብጦ የተወለደባትን መንደር ደኅንነት ሊጠይቃት ይችላል።