ነዳጅ የጠጣውን በረሃ በባክቴሪያ ማከም

የኢራቅ ጦር እ.ኤ.አ. በ1991 ከኩዌት ሲወጣ ከ600 በላይ የነዳጅ ጉድጓዶችን በእሳት አያይዞ ነበር። የመጨረሻው ጉድጓድ የተዘጋው በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ነው። እሳቱ ቢጠፋም፣ ሳይቃጠል የፈሰሰው ድፍድፍ ነዳጅ በበረሃው ረባዳ ስፍራዎች ተጠራቅሞ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥቁር ሐይቆችን ፈጠረ። ከላይ የተንጣለለው በፓምፕ እየተሳበ ሲነሳ፣ ወደ አሸዋው የሰረገው ግን እዚያው ቀረ። በሰሜን ኩዌት በራውዳታይንና በኡም አል ዓይሽ ወደሚገኘው የከርሰ ምድር ውሃም ነዳጁና ለእሳት ማጥፊያ የተረጨው የባሕር ውሃ ዘልቀው ገቡ። የመጠጥ ውሃዋን በአብዛኛው ከባሕር ጨው እያጣራች ለምታገኝ አገር፣ ይህ በቀላሉ የሚታለፍ ጉዳት አልነበረም።

ይሁን እንጂ በረሃው ራሱ መልስ መስጠት ጀምሮ ነበር። ሳሚር ራድዋንን ጨምሮ የኩዌት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በተበከለው ምድር ላይ የበቀሉ የዱር ዕፅዋትን ነቅለው ሲመለከቱ፣ በጥቁር አሸዋ ውስጥ የነበሩት ሥሮች ነጭና ንጹሕ ሆነው አገኟቸው። ምክንያቱ በሥሮቹ ዙሪያ የተሰባሰቡ፣ ነዳጅን እንደ ምግብ የሚጠቀሙ ባክቴሪያዎች ነበሩ። ግኝቱ በ1995 ኔቸር በተሰኘው የሳይንስ መጽሔት ታትሟል። ከዚያ ቀደም ብሎም፣ በ1992፣ ነዳጅ በለበሰው የባሕረ ሰላጤው ዳርቻ ላይ ምንጣፍ መስለው የተነጠፉ ሰማያዊ አረንጓዴ ረቂቅ ተህዋስያን በውስጣቸው ነዳጅ በላ ባክቴሪያዎችን አቅፈው እንደያዙ በዚሁ መጽሔት ተገልጾ ነበር።

ነገሩ ተአምር ሊመስል ይችላል፤ አሠራሩ ግን እርሾ ሊጥን ከሚያቦካበት መንገድ ብዙም አይርቅም። ድፍድፍ ነዳጅ የካርቦንና የሃይድሮጂን ሰንሰለት ነው። ባክቴሪያዎቹ በኢንዛይሞቻቸው አማካይነት ኦክስጅንን ከሰንሰለቱ ጫፍ ጋር ያያይዙና ወደ ቅባት አሲድ ይለውጡታል፤ ከዚያም ቆራርጠው ጉልበት ያገኙበታል። በመጨረሻ የሚቀረው በአብዛኛው ውሃ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና የባክቴሪያዎቹ የራሳቸው አካል ነው። ሆኖም ነዳጅ ካርቦን ቢትረፈረፍበትም ናይትሮጅንና ፎስፈረስ የለውም ማለት ይቻላል። በመሆኑም ባክቴሪያዎቹ በምግብ ተከበው ይራባሉ።

የኩዌት የሳይንስ ምርምር ተቋም ከጃፓን የነዳጅ ዘርፍ ባለሙያዎች ጋር በቡርጋን የነዳጅ ማውጫ ያካሄደው ሙከራ ያነጣጠረው በዚሁ ጉድለት ላይ ነው። የተበከለው አፈር ተቆፍሮ ከወጣ በኋላ ማዳበሪያና አየር እንዲገባ የሚያደርግ የእንጨት ፍቅፋቂ ተቀላቀለበት፤ ውሃም ይጠጣ ነበር። አንዳንዱ እንደ እርሻ መሬት በስሱ ተነጥፎ ተገለባበጠ፤ ሌላው በረጅም ክምር ተደርድሮ በየጊዜው ተማሰ፤ ሦስተኛው ደግሞ ሳይነካ ከውስጡ በተዘረጋ ቧንቧ አየር ተነፋበት። በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ ከአፈሩ ነዳጅ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ተወገደ። ፍግና ገለባ አብላልቶ ብስባሽ ለሚያዘጋጅ ገበሬ ዘዴው እንግዳ አይሆንበትም።

በቤተ ሙከራ የተመረጠ ባክቴሪያ አምጥቶ መበተን የበለጠ የሚያዋጣ ሊመስል ይችላል። በ1980 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለአናንዳ ቻክራባርቲ ነዳጅን እንዲያፈርስ ለተሻሻለ ባክቴሪያ የባለቤትነት መብት እንዲሰጥ መፍቀዱ ይታወሳል። ዳሩ ግን እንግዳው ተህዋስ የአካባቢውን ሙቀት፣ ጨውና ሽሚያ ስለማይቋቋም ብዙ ጊዜ ይሸነፋል። የኤክሶን ቫልዴዝ መርከብ በ1989 የአላስካን ዳርቻ በነዳጅ ስትበክል የተረጨውም በዋናነት ማዳበሪያ ነበር፤ ሥራው የተተወው ለአገሬው ባክቴሪያዎች ነው።

ዘዴው የማይደርስበት ቦታ አለ። ሬንጅ መሰሉ ከባድ የነዳጅ ክፍል ለባክቴሪያም ቢሆን ይጠነክራል። እንደ እርሳስ ያሉ ብረቶች ደግሞ መልካቸው ቢለወጥ እንጂ ፈርሰው አይጠፉም። አየር በማያገኘው ጥልቅ አፈር ውስጥ ሥራው እጅግ ይዘገያል፤ የበጋው ፀሐይ በጥቂት ቀናት የሚያደርቀው ክምርም ካልተጠጣ ባክቴሪያው ሥራውን ያቆማል። የበረሃ ጽዳት እንግዲህ ውሃ ይፈልጋል፤ እሱም በኩዌት በአብዛኛው ከባሕር ተጣርቶ የሚመጣ ነው።