የሥነ ሰብእ ተማሪና የመምህርነት የሙያ ፈቃድ



የዛሬው ገለጻዬ በታሪክ፣ በጂኦግራፊ ወይም በቋንቋና ሥነ ጽሑፍ የመጀመሪያ ዲግሪያችሁን እየተማራችሁ፣ ወደፊት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለማስተማር ለምታስቡ ነው። የማስረዳውም ነጥብ አንድ ነው፤ ወደ ሙያ ፈቃድ የሚወስደው መንገድ ከምረቃ በኋላ የሚጀምር ቢመስልም፣ ወሳኙ ክፍል የሚያልፈው በዲግሪው ዓመታት ውስጥ ነው።

ለማስተማር ምስክርነት መጠየቅ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በቅኔ ቤት የበረታው ተማሪ ትምህርቱን ሳይጨርስ አስነጋሪ ሆኖ ታናናሾቹን ያስጠናል፤ ወንበር የሚዘረጋው ግን መምህሩ ሲመሰክርለት ነው። ዕውቀቱና ማስተማሩ አብረው ይበስላሉ።

ዘመናዊው ሥርዓታችን በዚህ ረገድ በሁለት አሠራሮች መካከል ሲመላለስ ቆይቷል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው፣ ቴሶ በሚል ምኅጻር የሚታወቀው ለውጥ፣ የትምህርት ዓይነቱንና የማስተማር ሥነ ዘዴውን በአንድ ዲግሪ አቀናጀ። የትምህርት ዓይነቱን ዕውቀት አሳስቷል የሚል ወቀሳ ስለ ቀረበበት፣ በ2003 ዓ.ም. ገደማ ቅደም ተከተሉ ተለወጠ፤ ተማሪው መጀመሪያ በትምህርት ዓይነቱ ይመረቃል፣ ከዚያም በተለምዶ ፒጂዲቲ የምንለውን የድኅረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማ ይከታተላል። በዚህም ላይ ትችት አልቀረም፤ ሌላ ሥራ ያጣ ተመራቂ መምህርነትን የመጨረሻ አማራጭ አድርጎ ይመጣል ተባለ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህም የተቀናጀው ዲግሪ ተመልሶ መሰጠት ጀምሯል።

እዚህ ላይ ዲፕሎማውንና ፈቃዱን መለየት ያስፈልጋል። ዲፕሎማው ሥልጠና ነው። ፈቃዱ ግን በጽሑፍ ፈተናና በማኅደረ ተግባር ምዘና የሚገኝ፣ በየጊዜውም የሚታደስ የብቃት ማረጋገጫ ነው።

ታዲያ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ከወዲሁ ምን ያድርግ?

አንደኛ፣ የትምህርት ክፍል ሲመርጥ የሚያስተምረውን ትምህርት ያስብ። ታሪክና ጂኦግራፊ በሁለተኛ ደረጃ የራሳቸው ክፍለ ጊዜ አላቸው፤ ሶሲዮሎጂና አንትሮፖሎጂ የላቸውም። ይህን በምረቃ ማግሥት የሚረዳ ሰው በሩ ጠብቦ ያገኘዋል።

ሁለተኛ፣ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በአንደኛ ዓመት የሚሰጡትን የጋራ ኮርሶች አይናቅ። ሥነ ልቡና፣ ምክንያታዊ አስተሳሰብና አካቶነት ውጤት ለመሙላት ብቻ የሚወሰዱ ይመስላሉ፤ የመምህር መሣሪያዎች መሆናቸው የሚታወቀው ክፍል ውስጥ ነው።

ሦስተኛውና ዋነኛው፣ የሚማረውን ነገር ሁሉ «ይህን ለሌላ ሰው እንዴት አስረዳዋለሁ?» እያለ ይማር። አሜሪካዊው ምሁር ሊ ሹልማን በ1986 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ፣ የመምህር ዕውቀት የትምህርት ዓይነቱ ዕውቀት ብቻም፣ የማስተማር ዘዴ ብቻም እንዳልሆነ አስረድቷል፤ ሁለቱ የሚዋሐዱበት ለሙያው ብቻ የተለየ ዕውቀት አለ።

ምሳሌው ሩቅ አይደለም። አንኮበር ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በ1834 ዓ.ም. ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከዊሊያም ሃሪስ ጋር ውል መፈራረማቸውን የታሪክ ተማሪ ያውቃል። በአንኮበር የሚያስተምር መምህር ግን ሌላም ማወቅ አለበት፤ የነገሥታቱ መናገሻ በነበረችው ከተማ የሚያድገው ልጅ ከቤቱ ምን ሰምቶ መጣ? «ውል» ሲባል የሚታሰበው የመሬት ኪራይ ነው ወይስ የሁለት መንግሥታት ስምምነት? ንጉሡስ ከሩቅ አገር መንግሥት ምን ፈለጉ ብሎ እንዲጠይቅ የሚያደርገው የትኛው ጥያቄ ነው? ይህን የሚመልስ የታሪክ መጽሐፍ የለም፤ ከልጆች ጋር በመሥራት ይገኛል። ስለዚህ በእረፍት ጊዜያችሁ በየአካባቢያችሁ ማጠናከሪያ ትምህርት ስጡ፤ አስፈቅዳችሁ የነባር መምህራንን ክፍል ተመልከቱ፤ ያያችሁትንና የሞከራችሁትን መዝግቡ። ይህ ልማድ ኋላ ለምታዘጋጁት ማኅደረ ተግባር ይጠቅማችኋል።

ይህን የምለው የፈቃድ ምዘናው ጉድለት የለበትም በማለት አይደለም። የጽሑፍ ፈተና በልጆች ፊት የሚታየውን ብቃት ሁሉ አይለካም፤ ፈቃዱም በየቦታው እኩል አልተተገበረም። ሆኖም አሠራሩ እስኪስተካከል የምንጠብቀው እኛ እንጂ ተማሪዎቹ አይደሉም። የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ያንን ዓመት የሚማረው አንድ ጊዜ ነው፤ ፊቱ የሚቆመው ሰው አስቦበት የመጣ ይሁን ሌላ አጥቶ የመጣ፣ ልዩነቱን የሚከፍለው እሱ ነው።

 አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።