በጣና ዳርቻ ስለ ምንኵስና ባልንጀርነት፤ የወለተ ጴጥሮስ ገድልና የተነሣበት ክርክር

ከጎንደር ወጥቶ በአዘዞና በቆላ ድባ በኩል የሚወርደው መንገድ የደምቢያን ሜዳ አቋርጦ ጎርጎራ ላይ ከጣና ዳር ይደርሳል። በ17ኛው መቶ ዓመት የዐፄ ሱስንዮስ መንግሥትና የኢየሱሳውያን ሚሲዮን በዚህ አገር ተተክለው ነበር። ንጉሡ የካቶሊክን ሃይማኖት በተቀበሉ ጊዜ በብርቱ ከተቃወሟቸው ሰዎች አንዷ ወለተ ጴጥሮስ ናት (1592–1642፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው)። ባሏ መልክአ ክርስቶስ የንጉሡ አማካሪ ነበር። እርሷ ግን ትዳሯን ትታ መነኰሰች፤ ለሦስት ዓመት ወደ ሱዳን ጠረፍ ተጋዘች፤ በኋላም በጣና ዙሪያ ወንዶችንና ሴቶችን የያዙ ማኅበሮችን አቋቋመች። ገላውዴዎስ የተባለ መነኵሴ ገድሏን በ1672 በግዕዝ ጻፈው። ይህ ገድል በዘመናችን ያልታሰበ ጥያቄ አስነሥቷል፤ ይኸውም ተመሳሳይ ፆታን የሚያፈቅር ክርስቲያን በቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ውስጥ ስፍራው የት ነው የሚለው ነው።

ወደ ገድሉ ከመግባት በፊት የአገልግሎቱን ሥርዓት መመልከት ይገባል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ዲያቆን ቅስና ሲፈልግ አስቀድሞ ማግባት አለበት፤ ከቀሰሰ በኋላ ማግባት አይፈቀድለትም። ማግባት ያልፈለገ ሰው መንገዱ ምንኵስና ነው። ስለዚህ አንድ ወጣት ለምን አላገባም የሚለው የዘመድና የሽማግሌ ጥያቄ በገዳም ደጃፍ ላይ ያበቃል። ቆቡ ከነምክንያቱ ሳይመረመር ይከበራል። የመነኰሰው ሰው ዝንባሌ ወደ ማን እንደ ነበረ ማንም አይጠይቅም፤ የሚጠየቀው ቃል ኪዳኑን መጠበቁ ብቻ ነው። ይህ ልማድ ስንቱን ሰው እንዳስጠለለ በቍጥር አይታወቅም፤ ሊታወቅም አይችልም።

በገድሉ ውስጥ ጎልቶ የሚታየው ባልንጀርነት የወለተ ጴጥሮስና የእኅተ ክርስቶስ ነው። እኅተ ክርስቶስም ባሏን ትታ የመጣች ሴት ነበረች። ሁለቱ ገና ከሩቅ እንደተያዩ ፍቅር በልባቸው እንዳደረ፣ ያገናኛቸውም መንፈስ ቅዱስ እንደ ሆነ፣ ከዚያም በመከራም በሰላምም ሳይለያዩ እስከ ሞት እንደ ኖሩ ደራሲው ያለ ኀፍረት ይተርካል። ይህ ፍቅር ከሥራ ጋር የተያያዘ ነበር፤ ማኅበር መምራት፣ ለምግቡ መጨነቅ፣ የታመመውን ማስታመም የሁለቱ የጋራ ሸክም ነው። ወለተ ጴጥሮስ ኅዳር 17 ቀን ስታርፍ የማኅበሩ እመ ምኔት የሆነችው እኅተ ክርስቶስ ናት፤ እርሷም በ1649 ዐረፈች።

በዚያው መጽሐፍ ግን ተቃራኒ መስሎ የሚታይ ሌላ ታሪክ አለ። ወለተ ጴጥሮስ ታማ በተቀመጠችበት ወጣት መነኮሳይያት እርስ በርሳቸው በፍትወት ሲዳሩ አይታ ልቧ እንደ እሳት ተቃጠለ ይላል። ደራሲው የመጀመሪያውን ፍቅር ያመሰግናል፤ ይህን ግን ይነቅፋል። በሁለቱ መካከል አንዳች ግጭት ያየ አይመስልም።

አሜሪካዊቷ የሥነ ጽሑፍ መምህርት ዌንዲ ቤልቸርና ጀርመናዊው ሚካኤል ክላይነር ገድሉን በ2015 በእንግሊዝኛ ተርጕመው አወጡት። ቤልቸር ሁለቱ ሴቶች በንጽሕና የኖሩ ቢሆኑም ትስስራቸው የተመሳሳይ ፆታ ፍቅር እንደ ሆነ አስረዱ። ብዙ ኢትዮጵያውያን በዚህ ተቈጡ። በአውስትራልያ የሚያስተምሩት ዶክተር ይርጋ ገላው በ2020 ባወጡት ጽሑፍ ተርጓሚዎቹ የግዕዙን ቃል አጣምመው የባዕድ ሐሳብ ጭነውበታል ሲሉ ተከራከሩ። ክርክሩ የቃላት ብቻ አይደለም። አንዱ ወገን የሁለቱን ባልንጀርነት፣ ሌላው የመነኮሳይያቱን ነቀፋ አጥብቆ ይይዛል፤ ሁለቱ ግን በአንድ መጽሐፍ በአንድ እጅ የተጻፉ ናቸው። ገላውዴዎስ ሰውን በዝንባሌው አልከፈለም፤ የከፈለው ቃል ኪዳንን በመጠበቅና ባለመጠበቅ ነው። የዛሬውን መለያ ስም በእርሱ ዘመን መፈለግ የሚያስቸግረው ስለዚህ ነው፤ ፍቅሩን ተራ ጓደኝነት ነው ብሎ ማሳነስም ከጽሑፉ ጋር አይስማማም።

በአገሬው አነጋገር ለዚህ ዝንባሌ የተለየ ስም ያልነበረ ይመስላል። በ1950ዎቹ በጎንደር አካባቢ ያጠኑት ሳይመን ሜሲንግ ስለ ወንዳገረድ ጽፈዋል፤ ገበሬው እነዚህን ሰዎች የእግዚአብሔር ስሕተት አድርጎ ይታገሣቸዋል፣ ባሎችም በእነርሱ አይቀኑም ብለዋል። ነገር ግን ወንዳገረድ የሚለው ቃል የሚያመለክተው ገላንና ጠባይን ነው እንጂ ፍቅርን አይደለም።

መለያው የመጣው በሕግና በአብያተ ክርስቲያናት ክርክር ነው። የ1957ቱ የወንጀል ሕግ ድርጊቱን አስቀድሞ ከልክሎ ነበር፤ በ2004 የወጣውም በአንቀጽ 629 ክልከላውን አጸና። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በ2013 ከስዊድን ቤተ ክርስቲያንና ከአሜሪካ ወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ጋር የነበራትን የቆየ ኅብረት ያቋረጠችው በዚሁ ጉዳይ ነው። ከዚህ በኋላ ዝምታ እንደ ቀድሞው መጠለያ ብቻ አልሆነም። ያላገባ የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋይ ሊጠረጠር ይችላል፤ ከተጠረጠረም አገልግሎቱን ብቻ ሳይሆን ነፃነቱንም ሊያጣ ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ነገሩን ቢናገር የሚናገረው ለንስሐ አባቱ ነው፤ የንስሐ አባትም ምስጢር አያወጣም። ስለዚህ የዚህ ታሪክ ትልቁ ክፍል ወደ ብራና አልገባም፤ ወደ ተመራማሪ መዝገብም አይገባም።