ድርቁና ጎርፉ ለምን ተከታተሉ?

በውሃ ቧንቧ ሰልፍ ላይ አዘውትሮ የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ሲደርቅ ድርቅ፣ ሲዘንብ ጎርፍ፤ ይህ ምን ጉድ ነው?» እኛም የዝግጅት ክፍሉ አባሎች እንደ እናንተው በካኩማ የምንኖር ስለሆንን ጥያቄው የራሳችንም ነው። በዚህ እትም የምናውቀውን እናካፍላችኋለን።

ድርቅ ለእኛ አዲስ አይደለም። የ66ቱንና የ77ቱን በዓይናቸው ያዩ አባቶችና እናቶች በመካከላችን አሉ። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በደቡብና በምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በሰሜን ኬንያ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈዋል። እንዲህ ያለው ድርቅ በ40 ዓመት ውስጥ አልታየም። ወዲያው በ2023 መጨረሻ በእነዚሁ አገሮች ከባድ ዝናብ ወርዶ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ። በዳዳብ ካምፖችም በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ስደተኞች መጠለያቸውን ለቀው ወጡ።

ምክንያቱ ምንድን ነው? ፋብሪካዎችና መኪናዎች ከሰልና ነዳጅ ሲያቃጥሉ የሚወጣው ጋዝ ምድርን እንደ ብርድ ልብስ ሸፍኖ ሙቀቷን ይይዛል። የታጠበ ልብስ በሐሩር ቀን ቶሎ እንደሚደርቅ ሁሉ፣ የሞቀ አየርም ከእርሻውና ከግጦሹ እርጥበቱን ይመጥጣል። ድርቁን የሚያከፋው ይህ ነው። አየሩ የመጠጠውን ውሃ ተሸክሞ ይቆያል፤ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ ውሃ መያዝ ይችላል። ዝናብ በሚሆንበት ጊዜ ያ ሁሉ ባንድ ጊዜ ይወርዳል። ለረጅም ጊዜ የደረቀ መሬት ደግሞ እንደ ምጣድ ስለሚጠነክር ውሃውን ወደ ውስጥ አያሰርገውም።

የባሕሮች ሙቀትም ድርሻ አለው። በድርቁ ዓመታት ላ ኒኛ የተባለው የፓሲፊክ ውቅያኖስ መቀዝቀዝ ዝናባችንን አሳጥቶ ነበር። በ2023 ግን ኤል ኒኞ መጣ፤ ለእኛ ቅርብ የሆነው የሕንድ ውቅያኖስ ክፍልም ሞቀ፤ ዝናቡም በረታ። እነዚህ ለውጦች ድሮም ነበሩ፤ የምድር መሞቅ ግን ጉዳታቸውን አብዝቶታል። የተመራማሪዎች ቡድን በ2023 እንደገለጸው፣ የአየር ንብረት ለውጥ ያን መሰል ድርቅ የመድረስ ዕድሉን ቢያንስ 100 ጊዜ አሳድጎታል። ከዓለም ጋዝ የአፍሪካ ድርሻ 4 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ጥፋቱ የሌላ ሆኖ ጎርፉ የሚገባው ግን እኛ ቤት ነው።

የሰማዩን ነገር ከካምፕ ሆነን ልንለውጠው አንችልም። በእጃችን ያለውን ግን አንርሳ፦

— የታራች ላጋ በጠራራ ፀሐይም ቢሆን ሊሞላ ይችላል፤ ዝናቡ የሚወርደው ራቅ ካለው ከላይኛው በኩል ነውና። ልጆች አሸዋው ላይ እንዳይጫወቱ ጠብቁ። እስከ ጉልበት የሚደርስ ፈጣን ውሃ ጎልማሳውንም ይጥላል፤ እስኪጎድል መጠበቅ ነውር አይደለም።

— የራሽን ካርድና የስደተኛነት ማስረጃችሁን በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ ከፍ ባለ ቦታ አስቀምጡ።

— ዝናቡ ሳይመጣ በቤታችሁ ዙሪያ ቦይ ቆፍሩ፤ ቆሻሻ የደፈነውን ጥረጉ።

— ከጎርፍ በኋላ ኮሌራ ይከተላል። ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ። ተቅማጥ ለያዘው ሰው በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጣችሁ እየሰጣችሁ ቶሎ ወደ ክሊኒክ ውሰዱት።

ላጋው ዳር የምትኖሩ ወገኖች ዕቃችን ይሰረቃል በማለት ለመውጣት እንደምታመነቱ እናውቃለን። ስጋታችሁ እውነት ነው። ስለዚህ ከጎረቤት ጋር በተራ ለመጠበቅ ከአሁኑ ተስማሙ፤ ለብሎክ መሪያችሁም አስታውቁ። ዕቃ ይተካል፤ ሰው ግን አይተካም።

ቸር ያሰማን።