ኮመንት ሲከፍቱ ስልክዎ ምን ይሠራል? ስንትስ ያስከፍልዎታል?

አንድ ፖስት ከፍተው የኮመንት ምልክቷን ሲነኩ፣ ትንሽ ክብ ነገር ትሽከረከርና የሰዎች አስተያየት ተደርድሮ ይመጣል። ብዙ ሰው አስተያየቶቹ ከፖስቱ ጋር ተያይዘው አብረው የመጡ ይመስለዋል። አይደሉም። መጀመሪያ የሚመጣው ፖስቱ ነው። አስተያየቶቹን ስልክዎ ለብቻቸው መጠየቅ አለበት፤ የሚሰጠውም የጠየቀውን ያህል ነው። ይህን ካወቁ በኋላ «48 ኮመንት ይላል፣ እኔ የማየው ግን 31 ነው»፣ «እኔ ጽፌያለሁ፣ ጓደኛዬ ግን አላየውም»፣ «ካርዴን የሚበላው ኮመንት ማንበቤ ነው ወይ?» የሚሉት ጥያቄዎች መልሳቸው ሩቅ አይሆንም።

ከፖስቱ እንጀምር። እያንዳንዱ ፖስት የማይደገም መለያ አለው። በዓይንዎ ሊያዩት ከፈለጉ የአንድ ዩቲዩብ ቪዲዮ ሊንክ ኮፒ ያድርጉ። ውስጡ ፊደልና ቁጥር የተደበላለቀበት፣ 11 ምልክት ያለው ጽሑፍ ያገኛሉ። የቪዲዮው መለያ እሱ ነው። ፌስቡክም ሆነ ቴሌግራም ለፖስቶቻቸው የየራሳቸውን መለያ ይሰጣሉ።

የኮመንት ምልክቷን ሲነኩ አፑ ያንን መለያ ይዞ ጥያቄ ይልካል። ጥያቄው በሰው አማርኛ ቢጻፍ «የዚህን ፖስት የመጀመሪያዎቹን 20 ኮመንቶች ስጠኝ፤ የሚጠይቅህም እገሌ ነው» የሚል ነው። ተቀባዩ ሰርቨር ይባላል፤ ቀንም ሌሊትም በርቶ የብዙ ሰው ጥያቄ የሚመልስ ኮምፒውተር ማለት ነው። «የሚጠይቅህም እገሌ ነው» የምትለዋን ይያዙልኝ፤ ብዙ ነገር የሚበላሸውም የሚቃናውም በእሷ ነው።

ሰርቨሩ ዘንድ የሁሉም ሰው ኮመንት ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው በአንድ ላይ ነው። የሠርጉ ምርቃት፣ የኳሱ ክርክር፣ የሐዘኑ «ነፍስ ይማር» አብሮ ተከማችቷል። ግን እያንዳንዱ ኮመንት ላይ የጻፈው ሰው፣ የተጻፈበት ሰዓትና የፖስቱ መለያ ተመዝግቧል። ይህ ክምችት ዳታቤዝ ይባላል፤ ተደራጅቶ የተቀመጠ መረጃ ማለት ነው። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ስምዎን ሰምታ መደርደሪያውን ሁሉ አትበረብርም፤ የፋይል ቁጥርዎን ጠይቃ ወደ ቦታው ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ዳታቤዙም በፖስት መለያ የተዘጋጀ ማውጫ አለው፤ ባለሙያዎቹ ኢንዴክስ ይሉታል። ማውጫው ባይኖር አንድ ፖስት በተነካ ቁጥር ክምችቱ በሙሉ መፈተሽ ነበረበት።

«ታዲያ ለምን ሁሉንም ኮመንት በአንዴ አይልክልኝም?» ይሉ ይሆናል። አንድ የታወቀ ዘፋኝ ክሊፕ ሥር 50 ሺህ ኮመንት ቢኖር የሚያነቡት ምናልባት አሥሩን ነው። የቀረውን መላክ ለእርስዎ የዳታ፣ ለኩባንያው የመስመርና የመብራት ወጪ ነው። ስለዚህ በጥቂት በጥቂቱ ይላካል። ዩቲዩብ የሌሎች ሰዎች ፕሮግራሞች ኮመንት እንዲጠይቁት ሲፈቅድ መጠን አስቀምጧል፤ ጠያቂው ቁጥር ካልጠቀሰ 20 ይላክለታል፣ በአንድ ጊዜ ከ100 በላይ ግን አያገኝም። ከመልሱ ጋር ቀጣዩ ከየት እንደሚጀምር የሚያሳይ ምልክት ይመጣል። በጣትዎ ወደ ታች ሲወርዱ አፑ ያንን ምልክት መልሶ ይልክና ቀጣዩን ያመጣል። ክቧ እንደገና የምትሽከረከረው ለዚህ ነው።

በኮመንት ሥር የሚጻፉት ምላሾች፣ ሪፕላይ የምንላቸው፣ ብዙ ጊዜ ሌላ ጥያቄ ይፈልጋሉ። «12 ምላሾችን ይመልከቱ» የሚል ጽሑፍ ሲያዩ፣ እነዚያ 12ቱ ወይም አብዛኞቹ ገና ስልክዎ ላይ የሉም ማለት ነው።

ከ50 ሺህ ውስጥ የትኞቹ 20 ናቸው የሚመጡት? ብዙ ሰው የማይጠይቀው ይህን ነው፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ መጠየቅ ያለበት እሱ ይመስለኛል። ፌስቡክ አብዛኛውን ጊዜ «ሞስት ሬለቫንት» በሚለው ቅደም ተከተል ይከፍታል፤ ለእርስዎ ይበልጥ ይስማማሉ ብሎ የገመታቸውን ያስቀድማል ማለት ነው። ዩቲዩብም «ቶፕ» ብሎ የራሱን ምርጫ ያስቀድማል። ግምቱ የሚሠራው ላይክ በበዛበት፣ ምላሽ በበዛበት፣ የሚያውቁት ሰው በጻፈው እና በመሳሰለው ነው። ጠያቂው ማን እንደሆነ ስለሚታወቅ፣ እርስዎና ጎረቤትዎ አንድ ፖስት በአንድ ሰዓት ከፍታችሁ የተለያየ ኮመንት ከላይ ልታገኙ ትችላላችሁ።

ስለዚህ «ሕዝቡ ምን አለ?» ብለው ከላይ ያሉትን አምስት ኮመንቶች ካነበቡ፣ ያነበቡት ለእርስዎ የተመረጠውን ነው። ሰው የሚያናድድ ኮመንት ምላሽ ይበዛበታል፤ ምላሽ የበዛበት ደግሞ ወደ ላይ የመውጣት ዕድል አለው። ጨዋ አስተያየት የጻፉት ብዙዎች ከታች ተቀብረው፣ ተሳዳቢው ከላይ ተቀምጦ ሲታይ አገሩ ሁሉ የሚሰዳደብ ይመስላል። እኔ በበኩሌ ክርክር የበዛበት ፖስት ስከፍት መጀመሪያ የምነካው ከኮመንቶቹ በላይ ያለውን የቅደም ተከተል ቁልፍ ነው። ወደ «አዲስ» ወይም «ሁሉም» ሲቀየር ሌላ ፖስት የከፈትኩ እስኪመስለኝ ይለያያል።

አሁን ወደ 48ቱና 31ዱ እንምጣ። ኮመንት ጠፋ ብለው ባለቤቱን ከመውቀስዎ በፊት ጥቂት ነገሮች ይመልከቱ። አንደኛ፣ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ምላሾችንም ይጨምራል፤ እነሱ ደግሞ ተጣጥፈው ነው ያሉት። ከዚያ ቀጥሎ የቅደም ተከተሉ ምርጫ አለ፤ ፌስቡክ «ሁሉም ኮመንቶች» የሚለውን ካልመረጡ ስፓም፣ ማለትም የማይረባ ተደጋጋሚ ማስታወቂያ፣ የመሰለውን ሊያስቀር ይችላል። እርስዎ ብሎክ ያደረጉት ወይም እርስዎን ብሎክ ያደረገ ሰው የጻፈውም ለእርስዎ አይላክም። ያች «የሚጠይቅህም እገሌ ነው» የምትል ነገር እዚህ ጋ ትሠራለች።

ቁጥሩ ራሱም ያረጀ ሊሆን ይችላል። አንድ ፖስት በታየ ቁጥር ኮመንቶቹን ከመጀመሪያው መቁጠር ለሰርቨሩ ከባድ ነው። ስለዚህ ድምሩ ለብቻው ተጽፎ ይቀመጥና አዲስ ኮመንት ሲመጣ አንድ ይጨመርበታል፣ ሲሰረዝ አንድ ይቀነስለታል። መቀነሱ አንዳንዴ ይዘገያል። ማንም ሸፍጥ ሳይሠራ ቁጥርና ዝርዝር ሊለያዩ ይችላሉ።

«እኔ የጻፍኩት ለጓደኛዬ ያልታየውስ?» ይህ ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ከመቸኮል የሚመጣ ነው። ብዙ አፖች እርስዎ «ላክ» እንዳሉ፣ ሰርቨሩ መቀበሉ ሳይረጋገጥ፣ ጽሑፉን ስክሪንዎ ላይ ያሳያሉ፤ እንዳይጠብቁ ብለው ነው። ኔትወርክ ከተቋረጠ ጽሑፉ ከስልክዎ አልወጣም ማለት ነው። ደብዘዝ ብሎ ከታየ ወይም «እንደገና ሞክር» የሚል ምልክት ካለው አልተላከም። ሁለተኛው የባለቤቱ ሥራ ነው። ፌስቡክ ላይ የአንድ ገጽ አስተዳዳሪ ኮመንትዎን «ሃይድ» ቢለው፣ ማለትም ቢደብቀው፣ ለእርስዎና ለጓደኞችዎ መታየቱን ይቀጥላል፤ ለሌላው ሰው ግን አይታይም። ዩቲዩብ ላይም የቻናሉ ባለቤት እስኪያየው ድረስ የሚያዝ ኮመንት አለ። ለማረጋገጥ ቀላሉ መንገድ ጓደኛዎ ያልሆነ ሰው ከራሱ ስልክ እንዲከፍተው መጠየቅ ነው።

አንዳንዴ ደግሞ የአንዱ ፖስት ኮመንት በሌላው ሥር ይታያል። ለቅሶ ላይ የወጣ ፎቶ ሥር «እንኳን ደስ አላችሁ» የሚል ሲያዩ ይደነግጣሉ። አንዳንዱ የሰው ስህተት ነው፤ አንዳንዱ ግን አፑ በደንብ ስላልተሠራ ነው። የሚሆነው እንዲህ ነው። የመጀመሪያውን ፖስት ነኩ፣ ኔትወርኩ ዘገየ፣ ሰለቸዎትና ተመልሰው ሁለተኛውን ነኩ። የሁለተኛው መልስ ቀድሞ ደረሰ። ቀጥሎ የመጀመሪያው መልስ ዘግይቶ መጣና በላዩ ተተካ። ጥሩ አፕ መልሱ ሲመጣ «ይህ አሁን የተከፈተው ፖስት ነው ወይ?» ብሎ መለያውን ያመሳክራል፤ ካልሆነ ይጥለዋል። ያልሰከነ አፕ ግን የመጣለትን ሁሉ ያሳያል። ሲያጋጥምዎ ወጥተው እንደገና ይክፈቱት፤ ይስተካከላል።

ኮመንት የሚዘገየው በሰርቨሩ ርቀት ምክንያት ነው የሚሉ አሉ። ጥያቄዎ እስከ ሰሜን ስዊድን ሄደ እንበል፤ ፌስቡክ እዚያ ሉሌዮ በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የሚሠራ ትልቅ የዳታ ማዕከል አለው። ከአዲስ አበባ በቀጥታ ከ6 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ብርሃን በፋይበር ኬብል ውስጥ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ደርሶ መልስ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ኬብሉ ቢዞርም፣ ጥያቄው በየመሃሉ ቢጠብቅም መዘግየቱ ያን ያህል አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው ከስልክዎ እስከ ሰፈርዎ አንቴና ያለችው አጭር መንገድ ናት። ፌስቡክ ይህን መዘግየት ሠራተኞቹ እንዲቀምሱት እ.ኤ.አ. በ2015 «ቱጂ ማክሰኞ» ብሎ በሳምንት አንድ ቀን ለአንድ ሰዓት አፑን እንደ ቱጂ ባለ ቀርፋፋ ኔትወርክ እንዲሞክሩ ጋብዟቸው ነበር። በዚያው ዓመት ለቀርፋፋ መስመርና ለርካሽ ስልክ የተሠራውን ፌስቡክ ላይትን አወጣ።

ወጪውን እናስላ። በኮምፒውተር አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ቦታ ሲይዝ አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ባይት የዳታ መለኪያ ናት። «ታዲያ አማርኛ መጻፍ ሦስት እጥፍ ያስከፍለኛል?» ይሉ ይሆናል። አያስከፍልዎትም፤ አንደኛ በአንድ የአማርኛ ፊደል ውስጥ አናባቢውም ስላለ ቃሉ አጭር ነው። ሁለተኛ ጽሑፉ ሲላክ ይታመቃል፤ ከሦስቱ ባይት የመጀመሪያው ለአማርኛ ፊደላት ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆነ በደንብ ይታመቃል።

100 ፊደል ያለው ኮመንት ሳይታመቅ 300 ባይት ገደማ ነው። 20ው ሲደመር 6 ኪሎባይት። ስም፣ ሰዓት፣ የላይክ ቁጥር ሲታከል ይጨምራል። ከዚያ የእያንዳንዱ ጸሐፊ ትንሽ የፕሮፋይል ፎቶ አለ፤ ከጽሑፉ የሚከብደው እሱ ነው። ሁሉንም በሰፊው ይዘን 100 ኪሎባይት እንበለው። በ1 ጊጋባይት 10 ሺህ ጊዜ መክፈት ይችላሉ። 1 ጊጋባይት በ50 ብር ገዝተዋል ብንል፣ አንዱ መክፈት ግማሽ ሳንቲም ነው። እርስዎ በገዙበት ዋጋ ቀይረው ያስሉት።

መካከለኛ ጥራት ያለው የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ግን 7 ሜጋባይት ገደማ ሊፈጅ ይችላል፤ ኮመንት 70 ጊዜ እንደመክፈት ነው። ካርድዎን የሚበላው ኮመንት ሲያነቡ ከላይ በራሱ የሚጫወተው ቪዲዮ ነው። ፌስቡክ ላይ ከሴቲንግ ገብተው «ሚዲያ» በሚለው ሥር አውቶፕሌይን፣ ማለትም ቪዲዮ በራሱ መጀመሩን፣ ያጥፉት። ቴሌግራም ላይ «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ» ገብተው ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ ያድርጉ። የሚበላውን ለማወቅ ከፈለጉ አንድሮይድ ስልክ ላይ በዳታ አጠቃቀም ዝርዝር ውስጥ እያንዳንዱ አፕ ስንት እንደወሰደ ተጽፏል።

ባትሪም አለ። ስልክዎ ጥቂት ዳታ ከተቀበለ በኋላም የኔትወርክ ክፍሉ ለጥቂት ሰከንዶች ነቅቶ ይቆያል። ትንሽ ወረድ፣ ትንሽ ቆም እያሉ ረጅም የኮመንት ዝርዝር ማንበብ ከዳታው ይልቅ ባትሪውን ይጎዳል።

የራስዎ ቴሌግራም ቻናል ካለዎት እርስዎም አስተናጋጅ ነዎት። ቴሌግራም የቻናል ኮመንትን እ.ኤ.አ. በ2020 መስከረም ማብቂያ ላይ ሲጀምር ያደረገው ቀላል ነገር ነው፤ ቻናሉን ከአንድ ግሩፕ ጋር ያያይዛል። ቻናሉ ላይ የወጣው ፖስት ወዲያው ኮፒው ግሩፑ ውስጥ ይገባል፤ ኮመንቶቹ ለዚያ ኮፒ የተሰጡ ምላሾች ናቸው። ኮመንት ለመክፈት ቻናሉን ኤዲት ብለው «ዲስከሽን» የሚለው ውስጥ ግሩፕ ይምረጡ ወይም አዲስ ይፍጠሩ። ገንዘብ አያስከፍልም፤ ስድቡንና ማስታወቂያውን እየለቀመ የሚሰርዝ ሰው ግን ይፈልጋል፣ ያ ደግሞ እርስዎ ራስዎ ነዎት። ግሩፑ ከመያያዙ በፊት የወጡ ፖስቶች ኮመንት አይኖራቸውም። ግሩፑን ሲያጸዱ ያንን ኮፒ ከሰረዙት በቻናሉ ፖስት ሥር ያለው የኮመንት ቁልፍ አብሮ ይጠፋል። አንድ ፖስት ላይ ብቻ ኮመንት መዝጋት ሲያስፈልግዎ፣ ለምሳሌ የመርዶ ማስታወቂያ ሲያወጡ፣ ሆን ብለው እንደዚያ ማድረግ ይችላሉ።