ወደ ማራና ሰረንጌቲ ከመነሳት በፊት

የኬንያው ማሳይ ማራና የታንዛኒያው ሰረንጌቲ በካርታ ላይ በድንበር ቢለያዩም በመሬት ላይ ኩታ ገጠም ናቸው፤ በመካከላቸው አጥር የለም። ማራ 1,510፣ ሰረንጌቲ 14,763 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍናሉ። የቆርኬ ዘመድ የሆኑት ዊልደቢስቶች ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሆነው፣ ከሜዳ አህያ መንጋ ጋር ዝናብና ለምለም ሣር እየተከተሉ ዓመቱን ሙሉ በዚህ ሜዳ ይዞራሉ። ከአዲስ አበባ ናይሮቢ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። መንገዱ አጭር ቢሆንም ዝግጅቱ ከሳምንታት በፊት ይጀመራል።

መጀመሪያ የሚወሰነው ወቅቱ ነው። መንጋው የማራን ወንዝ ሲሻገር ማየት የሚፈልግ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ይሂድ። አዲስ የተወለዱ ጥጆችን ማየት የሚመርጥ ደግሞ በጥር መጨረሻና በየካቲት ወደ ሰረንጌቲ ደቡብ፣ ወደ ንዱቱ ሜዳ ይውረድ። ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት ከባድ ዝናብ ስለሚጥል መንገዱ ይጨቀያል፤ በዚያው ልክ ጎብኚው ይቀንሳል፣ የማረፊያ ዋጋም ይወርዳል። ወቅቱ ቢመችም መንጋው አዞ ወዳለበት ወንዝ ዳር ደርሶ፣ ለሰዓታት ቆሞ፣ ሳይሻገር ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ በአምስት ቀን አራት ፓርክ ከማካለል አንድ ቦታ ቢያንስ ሦስት ሌሊት ማደር ይሻላል።

ሐኪም ዘንድ ከስድስት ሳምንት በፊት መሄድ ተገቢ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ኢትዮጵያን የቢጫ ወባ ሥጋት ካለባቸው አገሮች ስለሚመድባት፣ ከዚህ የሚነሳ ተጓዥ ታንዛኒያ ሲገባ የክትባት ካርድ ይጠየቃል። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ መጥቶ አዲስ አበባ ላይ ከ12 ሰዓት በላይ የሚቆይ መንገደኛንም ይኸው ሕግ ይመለከተዋል። ካርዱ የሚጸናው ከክትባቱ 10 ቀን በኋላ ነው፤ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ዕድሜ ልክ ያገለግላል።

ይህ ክትባት ግን በወባ ትንኝ ከሚተላለፈው ወባ አያድንም። እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ አገር የኖረ ሰው ሰውነቱ ወባን ስላልለመደ መከላከያ ኪኒን ያስፈልገዋል። የትኛው እንደሚስማማ የሚወስነው ሐኪም ነው። ለምሳሌ ዶክሲሳይክሊን የታዘዘለት ሰው ከጉዞው አንድ ወይም ሁለት ቀን አስቀድሞ ይጀምርና ከተመለሰም በኋላ ለአራት ሳምንት ሳያቋርጥ ይውጣል። ሲመሽ እጅጌ ሙሉ ልብስ፣ ትንኝ የሚያባርር ቅባት፣ ሲተኙም አጎበር አይቅር። ከተመለሱ በኋላ ትኩሳት ከመጣ ሳይውሉ ሳያድሩ መመርመር፣ የት እንደነበሩም መናገር ያስፈልጋል።

ከናይሮቢ ወደ ማራ የሚበሩት ትንንሽ አውሮፕላኖች አብዛኛውን ጊዜ የሚፈቅዱት የእጅ ቦርሳን ጨምሮ 15 ኪሎ ነው። የዕቃ ማስቀመጫቸው ጠባብ ስለሆነ ከደረቅ ሻንጣ ይልቅ የጨርቅ ቦርሳ ይመረጣል። ልብሱ ካኪ፣ ግራጫ ወይም ፈዛዛ ቡናማ ይሁን፤ ሰማያዊና ጥቁር የገንዲ ዝንብን ይስባሉ። ሬንጀር ልብስ ኬንያ ውስጥ ለሲቪል ሰው ክልክል ነው። ጉብኝቱ የሚጀመረው ከንጋቱ 12 ሰዓት ገደማ፣ ጣሪያው በተከፈተ መኪና ስለሆነ ሹራብና ጃኬት የግድ ነው። ጉዞው ታንዛኒያ ውስጥ ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳለው የንጎሮንጎሮ ገደል አፋፍ የሚቀጥል ከሆነ ብርዱ ይብሳል። ፌስታል ቤት ይቅር፤ ኬንያ በ2017፣ ታንዛኒያ በ2019 እ.ኤ.አ. አግደውታል።

ብዙ ሰው ለካሜራ ሲጨነቅ ባይኖኩላር ይረሳል። 8 በ42 የሚባለው ዓይነት ለዚህ ጉዞ ተስማሚ ነው። 8 ማለት ስምንት ጊዜ ያቀርባል፣ 42 ማለት የፊት መስታወቱ 42 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው ማለት ነው። አንበሳና ነብር በብዛት በሚንቀሳቀሱበት የንጋትና የምሽት ጭላንጭል፣ ሰፊው መስታወት ብርሃን ይሰበስባል። ከስምንት ጊዜ በላይ የሚያቀርበው እጅ ላይ ይንቀጠቀጣል። አንዱን ለአራት ሰው ማዳረስ አያዋጣም፤ አንዱ ሲያይ ሌላው ያመልጠዋል። ለካሜራ ደግሞ ባዶ የጨርቅ ከረጢት ይዞ ሄዶ እዚያ ሩዝ ወይም ባቄላ መሙላትና መስኮቱ ላይ ማስደገፊያ ማድረግ ይቻላል።

ከሁሉ የሚበልጠው ዝግጅት ግን ከአስጎብኚው ጋር የሚደረገው ንግግር ነው። ሾፌሮች እንስሳ ወዳለበት የሚሽቀዳደሙት እንግዳው ስለሚጠይቃቸው ነው። አቦሸማኔ የምታድነው በአብዛኛው በቀን፣ በዓይኗ ተማምና ነው፤ መኪና ሲከባት አደኗ ይበላሻል። በ2018 እ.ኤ.አ. ማራ ላይ የተደረገ ጥናት ቱሪስት በሚበዛበት አካባቢ ያሉ አቦሸማኔዎች የሚያሳድጓቸው ግልገሎች ቱሪስት ከማይበዛበት እጅግ ያነሱ መሆናቸውን አሳይቷል። ስለዚህ ገና ቦታ ሲይዙ ሦስት ነገር ያስታውቁ፦ ሾፌሩ ከመንገድ እንዳይወጣ፣ መኪና የከበበውን እንስሳ እንዲያልፈው፣ ሲቆም ሞተሩን እንዲያጠፋ። ከእንግዳው ይህን የሰማ ሾፌር ለመሽቀዳደም ምክንያት አይኖረውም፤ እንስሳቱም ተረጋግተው ኑሯቸውን ሲኖሩ ለማየት ጊዜ ይገኛል።