የሕማማት ፍሬ በኪራይ ቤት በረንዳ

«ነገ ለምንለቀው ቤት ምን ብለን እንተክላለን?» የሚለው አነጋገር በቪከሪ ሜዶ ለምንኖር ወገኖች እንግዳ አይደለም። እውነትም ነው፤ በግሪንቪል ጎዳናና በፓርክ ሌን ዙሪያ የተደረደሩት አፓርትመንቶች ጓሮ የላቸውም፣ ውሉም በየዓመቱ ይታደሳል። ስለዚህ ብዙዎቻችን ጤና አዳምና በሶብላ በባልዲ ዘርተን እንረካለን። ይሁን እንጂ በባልዲ የሚያድግ፣ ቤት ሲለቀቅም ከዕቃ ጋር አብሮ የሚጫን ፍሬ ሰጪ ሐረግ አለ። እርሱም ፓሽን ፍሩት ነው።

የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። በአገራችንም በላይኛው አዋሽ፣ ጢቢላ በተባለው ሥፍራ ቢጫው ዓይነት ለጭማቂ ፋብሪካ በሰፊው ተተክሎ ነበር። ስሙን ያወጡለት ከ400 ዓመት በፊት ገደማ በአሜሪካ ምድር የነበሩ የእስፓኝ ሰባኪዎች ናቸው፤ «ፓሽን» ማለትም ሕማማት ነው። የአበባውን ክር መሰል ዙሪያ በአክሊለ ሦክ፣ አምስቱን ወንዴዎች በጌታ ቁስሎች፣ ሦስቱን የሴቴ ጫፎች በችንካሮች መሰሏቸው። በእኛ ትውፊት ቅንዋቱ አምስት ስለሆኑ፣ አበባውን ያየ ያገሬ ሰው ቆጠራውን በሌላ መንገድ ሊተረጉመው ይችላል።

ከዘር እስከ ችግኝ

ዘሩን መግዛት አያስፈልግም። ከገበያ ልጣጩ የተጨማደደ፣ በእጅ ሲያዝ ከበድ የሚል ወይን ጠጅ ፍሬ ይምረጡ፤ መጨማደዱ የመብሰሉ ምልክት እንጂ የመበላሸቱ አይደለም። የሚቻል ከሆነ ሁለት ፍሬ ይግዙ፤ የተለያየ ወላጅ ያላቸው ችግኞች ጎን ለጎን ሲያድጉ በተሻለ ያፈራሉ። ፍሬውን ሰንጥቀው ዘሩን ከነዝልግልጉ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ለሁለትና ሦስት ቀን ይተዉት። ከዚያ በወንፊት አሽተው ያጥቡትና ሳይደርቅ ይዝሩት። ትኩስ ዘር በሁለት እስከ አራት ሳምንት ይበቅላል፤ ደርቆ የከረመ ግን ወራት ሊያስጠብቅ ይችላል።

ጥልቀቱ ከ1 ሴንቲሜትር አይብለጥ። ጊዜው የካቲት፣ ቦታው ቤት ውስጥ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ይሁን። አፈሩ እርጥብ እንጂ ጭቃ መሆን የለበትም። የዳላስ ጥቁር አፈር የአገራችን የዋልካ ዘመድ ነው፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ በባልዲ ውስጥ ደግሞ ሥር ያበሰብሳል። ስለዚህ ከመደብር የሚሸጠውን ቀለል ያለ የተክል አፈር ይጠቀሙ። ችግኙ ሲጠነክር ከሥሩ ወደተበሳ፣ ከ40 ሊትር ወደማያንስ ዕቃ ያዛውሩት። ከመጋቢት አጋማሽ በኋላ ወደ በረንዳ ይወጣል፤ መጠምጠሚያ ገመድ ይዘርጉለት። የሕንፃው አስተዳደር በሐዲዱ ላይ ማሰር ይከለክል እንደሆነ ውሉን አስቀድሞ ማየት ይበጃል።

ሁለቱ ጠላቶች

አንደኛው ውርጭ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 በዳላስ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 2 ፋራናይት መድረሱን የረሳ የለም። ይህ ሐረግ ቀላል ውርጭ ቢችል እንጂ እንዲህ ያለውን አይችልም። ኅዳር ሲገባ ይከርከምና ወደ ቤት ይግባ። ማስገቢያ ለሌለው ሰው የቴክሳስ የራሱ ተወላጅ የሆነ ዘመዱ ሜይፖፕ አለ፤ ክረምት ላይ እስከ መሬት ደርቆ በጸደይ ከሥሩ ያቆጠቁጣል።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ቴርሞሜትሩ 100 ፋራናይትና ከዚያ በላይ የደረሰባቸው ቀናት 71 ነበሩ። በዚያ ዓይነት ሐሩር አበባ ይረግፋል፤ ፍሬ የሚቋጠረው በጸደይና በመፀው ነው። ከሰዓት በኋላ ጥላ፣ ጠዋት ጠዋት ውኃ ይስጡት። ብርቱካናማ ቢራቢሮዎች እንቁላል ጥለው አባጨጓሬው ቅጠሉን ሲበላ ቢያዩ ፈጥነው መርዝ አይርጩ፤ በእጅ መልቀም ይበቃል።

አበባው የሚቆየው አንድ ቀን ብቻ ነው። ወይን ጠጁ ማለዳ ፈክቶ ወደ እኩለ ቀን ይዘጋል። ፎቅ ላይ ንብ ካልመጣ ቢጫውን ዱቄት በጥጥ ወስዶ ሦስቱን ጫፎች መቀባት ነው። ከዚያ በኋላ ፍሬው ከሁለት ወር በላይ ይፈጃል። ሲበስል ራሱ ይወድቃል፤ አይቀጠፍም። ጥሬው ፍሬና ቅጠሉ መርዛማ ንጥረ ነገር ስላላቸው ሕፃናት እንዳይቀምሱ ይጠንቀቁ።

ከዘር የተነሣ ሐረግ ቢፈጥን በዓመቱ፣ ብዙ ጊዜ ግን በ18 ወሩ ገደማ ያፈራል። ይህ ለአንዳንዱ ረጅም ይመስለዋል። ነገር ግን «ዘንድሮ አገር እንገባለን» እያልን አንዲት ችግኝ ሳናጸድቅ ስንት ዓመት አሳለፍን? 18 ወር ማለት ሁለት የኪራይ ውል እንኳ አይሞላም። ልጆች ሥራና ትምህርት ሲሄዱ አራት ግድግዳ ሲያዩ የሚውሉ እናቶችና አባቶች በየቤታችን አሉ። አገራቸው አርሰው፣ ዘርተው፣ አጭደው የኖሩ ናቸው። ለእነርሱ ጠዋት ተነሥቶ የሚያዩት፣ የሚያጠጡት፣ «ዛሬስ ምን ያህል አደገ?» የሚሉት ነገር ማግኘት ከፍሬው ይበልጣል። ባልዲውን አዘጋጅተን ዘሩን ለእነርሱ እንስጥ፤ የቀረውን ከእኛ ይልቅ እነርሱ ያውቁበታል።